በእኛ ቤት «ክፉዬ» ሲባል

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? ዜና በሰሙ ቁጥር ደም ግፊታቸው መነሣቱን ተወላቸው? ሬዲዮኑን ደብቂባቸው ብዬሽ ነበር፤ መቼም አንቺ ለመደበቅ አትሆኚም። ትልቋ ልጅሽ አዲሱ ሥራ ተስማማት? ትንሹስ የተሰበረ እጁ ዳነለት፣ ጄሶውን አወለቁለት? የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን አቆመ? የናፍቆቴን ያህል ልጠይቅ ብል ወረቀቱ እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ናችሁ እንዳልኩ ያልቅብኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ደህና ነው፤ ዓይኔ መነጽሩን ለምዷል፤ እንቅልፌም የሕፃን እንቅልፍ ነው። እዚህ ጋ እንደ ወትሮዬ «ክፉ አይንካችሁ» ብዬ ልቀጥል ስል እጄ ቆመ። እውነቴን ነው እትዬ፣ እስክሪብቶው ደርቆ ቀረ። ይህቺ ቃል ሰሞኑን ያደረገችኝን ብታውቂ አትፈርጂብኝም። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ አንቺ ከት ብለሽ ሳቅሽ፣ መስመሩም ተቋረጠ፣ እኔም ተናድጄ መልሼ አልደወልኩም። አሁን ከሥር ከመሠረቱ እነግርሻለሁ። ረጅም ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የሕፃናት ማቆያው ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ትንንሽ አንሶላ፣ ትንንሽ ብርድ ልብስ፣ ለሃጭ የጠገበ ጨርቅ በያይነቱ። ዘበኛው ሽማግሌ ጠዋት ስገባ «ተኳሿ መጣች፣ እጅ ወደ ላይ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኔም በጣቴ አነጣጥርባቸዋለሁ። በየቀኑ ያው ቀልድ ነው፣ በየቀኑ ያስቀኛል። ደስ ብሎኝ ነበር የምሠራው እትዬ። ሰው ሥራ ሥራ እያለ ያማርራል፤ እኔ ግን የሕፃን ልብስ ስተኩስ ከካውያው ስር የሚወጣው ሙቀት እንኳ ደስ ይለኛል።

ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የትንንሾቹ ክፍል አለ፤ ድክ ድክ የሚሉትና ገና የሚድሁት የሚውሉበት። የእነሱ ሞግዚት ጓደኛዬ ናት። መልኳን ብታዪ ዳኛ ትመስላለች፤ ግንባሯ የማይፈታ፣ አነጋገሯ በልክ የሆነ። ውስጧን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ፌዘኛ ናት። ወደ ክፍሏ በጫማ አይገባም፣ ሕፃናቱ ምንጣፉን ስለሚልሱት። ስለዚህ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች፤ እኔ ሳልፍ አንዱን አነሣና እሸሽገዋለሁ። እኔም ስተኩስ ባዶ እግሬን መቆም ስለምወድ እሷ በተራዋ ትሰርቀኛለች። አንዴማ ነጠላ ጫማዬን በንጹሕ ዳይፐር ጠቅልላ፣ ትራስ አድርጋለት፣ ከሕፃናቱ መሐል አስተኝታው አገኘሁት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዕድሜያችን ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ እንዳትታዘቢን።

ጫማዬን ሳጣ «አንቺ ክፉ!» እላታለሁ። ጫማዋን ስታጣ «አንቺ ክፉ!» ትለኛለች። ሲብስብን ደግሞ «ክፉዬ»። «ክፉዬ»ን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከቤታችን ይዤው የመጣሁት ነው፣ ከእማዬ አፍ። ትዝ ይልሽ የለም? አንቺን «የኔ ደግ»፣ እኔን «ክፉዬ»። «ክፉዬ፣ ነይ ጸጉርሽን ልሥራሽ።» «ክፉዬ፣ በላሽ?» ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ እኮ ክፉ ማለት የሚወደድ ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ይጀምራል። ከትንንሾቹ አንዷን፣ ጉንጯ እንደ ዳቦ የተነፋውን፣ ጠዋት የሚያመጣትም ማታ የሚወስዳትም አባቷ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እሱ መንገድ ሄዶ እናቷ ይዛት መጣች። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ልጇን ለሰው ትታ መሄድ ያቃጠላት ሴት። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ በኮሪደሩ ላይ እያነከስኩ ጫማዬን እፈልጋለሁ። እናትየዋ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ እዚህ ክፍል ያለችው ሞግዚት እንዴት ያለች ሰው ናት?» አለችኝ። እኔ ጫማዬ እንጂ ሌላ ምን ይታየኛል? «እሷ? ኡ ኡ! ክፉ ናት! ክፉ ብቻ? የክፉዎች አለቃ ናት!» ብዬ ሳቅሁ። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅሁ እትዬ። ሳቄን ስጨርስ ሴትየዋ የለችም። ልጇን ታቅፋ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ስትሮጥ ጀርባዋን ብቻ አየሁት።

ኃላፊዋ ወዲያው አስጠራችኝ። ልጅ እግር ናት፣ ሥርዓት ታውቃለች፤ አንድም ቀን አንቺ ብላኝ አታውቅም። «ክፉ ናት ብለዋል?» አለችኝ። «ብያለሁ፤ ግን...» ስላት «ብያለሁ የሚለው ለጊዜው ይበቃል» አለችና ጻፈች። «ትመታቸዋለች?» «ኧረ በጭራሽ!» «ትጮኽባቸዋለች?» «እሷ? እኔንም ስትጠራኝ አይሰማኝ!» «ታዲያ ክፋቷ ምኑ ላይ ነው?» «ጫማ ትደብቃለች።» ቀና ብላ አየችኝ። «የሕፃናት ጫማ?» «ኧረ የኔን!» ይህንንም ጻፈችው። አጎንብሼ ሳይ «የሠራተኛ ጫማ መሰወር» ይላል። ፍቅር ነው ብዬ የተናገርኩት ሁሉ እሷ ብዕር ስር ሲደርስ ክስ ይሆናል። የዚያኑ ዕለት ጓደኛዬን «ነገሩ እስኪጣራ» ብለው ከሕፃናቱ ክፍል አንሥተው ስቶር አስገቧት።

ለማጣራት ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው የሕፃናቱ መመገቢያ ክፍል ውስጥ፣ በሕፃናቱ ወንበር ላይ፣ ሁላችንም ጉልበታችን ጆሯችን ጋ ደርሶ። ጓደኛዬ ከጥግ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ነርሷ ጀመረች፦ ክፉ ማለት እያወቀ የሚጎዳ ነው አለች። ምግብ አብሳይዋ ተቀበለቻት፦ «ልክ ነሽ። ዳቦ ቢሻግት መጥፎ ዳቦ ነው የሚባለው፤ ክፉ ዳቦ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ክፉ ልብ ላለው ነው።» ሾፌሩ ብድግ አለና «እና ክፉ መንገድ ሲባልስ? መንገድ ልብ አለው?» አላት። «አንተ የነዳህበት መንገድማ ቂም ይይዛል!» ብትለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው «ክፉ ቀን ይባል የለ? ቀኑ ምን አጠፋ?» አሉ። ነርሷም መልሳ «ክፉ ሳል» አለች፣ ምግብ አብሳይዋን ደግሞ ሾፌሩ «ትናንት ሾርባሽን ክፉኛ ወደድኩት ስልሽ ደስ ብሎሽ ጨመርሽልኝ አይደል?» አላት። እኔ በልቤ ተመስገን፣ ነገሩ ወደ እኔ እያዘነበለ ነው እላለሁ። ኃላፊዋ ግን ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና «ስለ መንገድና ስለ ሾርባ አልጠየቅሁም። ሰው ክፉ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?» አለች።

እጄን አወጣሁ። «እንደ አባባሉ ነው» አልኩ። «ግንባር ቋጥረው ሲሉት ሌላ ነው፤ ጥርስ እያሳዩ ሲሉት ሌላ ነው። እኔ እየሳቅሁ ነው ያልኩት።» ኃላፊዋ ትንሽ አሰበችና «ስለ ሞግዚቷ ክፋት ለወላጅ የነገሩት እየሳቁ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። በቃ፣ እርር ድብን አልኩ! ምላሴን ጎትቼ ባወጣውና በካውያው ብተኩሰው ደስ ባለኝ። «በእኛ ቤት እናቴ ክፉዬ ትለኝ ነበር» ብል ሒሳብ ሹሟ ከንፈሯን መጠጠችልኝ! አዘነችልኝ እኮ ነው የምልሽ! እናቷ ስታሰቃያት ያደገች መሰልኳት። ላስረዳ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሌላ ሰው እበድላለሁ፤ በመጨረሻ ነፍሷን ይማርና እማዬንም አስከሰስኳት።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ስወጣ የውጭው በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት፤ በቀይ ቀለም «ክፉ ውሻ አለ» ይላል። በየቀኑ በስሩ አልፋለሁ፣ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ዘበኛውን «የቱ ነው ውሻው?» አልኳቸው። «ውሻውማ ከሞተ ቆየ» አሉኝ። «ታዲያ ጽሑፉ?» «እሱ ብቻውን ይጠብቃል። ሌባ ጽሑፉን ያያል እንጂ ውሻውን መች ያያል?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጓደኛዬም ላይ እኮ የሆነው ይኸው ነው። ክፋት የሚባል ነገር በአጠገቧ አልፎ አያውቅም፤ እኔ ግን ጽሑፉን በግንባሯ ላይ ለጠፍኩት፣ የሚያልፈው ሁሉ ራቅ ብሎ ያልፋል። ወላጆች ስቶሩ በር ላይ ሲያዩዋት ልጃቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ። እናቶች ተጠራርተው ነገሩን አዳርሰውታል፤ አንዷ ጋ ሲደርስ ትቆነጥጣለች፣ ሌላዋ ጋ ሲደርስ ታስርባለች ሆኗል።

ስቶር ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዳይፐር እየደረደረች ነበር። «ምን ለማለት እንደፈለግሽ አውቃለሁ» አለችኝ፤ ያኔ ገና አንቺ ነበር የምትለኝ። «አውቃለሁ፤ ግን ሰዉ እንደዚያ ሲያየኝ ሲያየኝ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ የልጅ ልጄን ሳቅፍ እጄን አየሁት። አጥብቄ ይዣት ይሆን እንዴ ብዬ። ሕፃን ሳቅፍ እጄን አይቼ አላውቅም ነበር» አለችኝ። ያቺ ቃል ከኔ አፍ የወጣች ጊዜ ጨዋታ ነበረች፤ በሰው አፍ ዞራ እሷ ጋ ስትደርስ እውነት ክፉ ሆና ደረሰች።

በማግስቱ ንጹሕ አንሶላ ይዤ ሳልፍ «እንደምን አደሩ?» አለችኝ። ሰው ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። እኔን ነው። እርስዎ አለችኝ! ኃላፊዋ እርስዎ ስትለኝ ወግ ነው፤ የጓደኛዬ እርስዎ ግን ፊቴ ላይ እንደተዘጋ በር ነው። ብትሰድበኝ፣ ብትጮኽብኝ እመርጥ ነበር። ጫማዬን ሆነ ብዬ ኮሪደር መሐል ትቼው ብሄድ አንሥታ በሬ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችልኝ። «እንዳያደናቅፍዎ ብዬ ነው» አለችኝ። አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

እና እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ እንዲያው ወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሒሳብ ሹሟ ከንፈሯን ከመጠጠችልኝ ወዲህ በካውያው ላይ አጎንብሼ አስባለሁ። አንቺ «የኔ ደግ» ነበርሽ፤ እኔ «ክፉዬ»። እማዬ ጸጉሬን ስትሠራኝ በመዳፏ ጭንቅላቴን ደገፍ አድርጋ ነበር የምትለኝ፤ ያ አይረሳኝም። ግን የጎረቤትን መስኮት በኳስ የሰበርኩ ዕለትም «ክፉዬ» አለችኝ፤ ያኔ ድምፅዋ ያው ነበር ወይስ ሌላ? አላስታውስም። አንቺ ትልቅ ነበርሽ፣ አጠገባችን ነበርሽ። እማዬ ምን ማለቷ ነበር? ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትመልሺልኝ። ሳትስቂ፣ እውነቱን።

አሁን ደግሞ የትናንት በስቲያውን ልንገርሽ። ያቺ እናት ልጇን ልትወስድ መጣች። ልጅቷን አዲስ የተመደበችው ሞግዚት ይዛት ትወጣለች፤ ጓደኛዬ በዚያው ቅጽበት ካርቶን ተሸክማ ከስቶር ወጣች። ትንሿ ስታያት ከሞግዚቷ ክንድ ተወርውራ ልትወድቅ ነበር። ሁለት እጇን ዘርግታ «ፉዬ! ፉዬ!» ትላለች። ከኔና ከእሷ ጫጫታ ለቅማው ነው እኮ! ጓደኛዬ ካርቶኑን አላስቀመጠችም፤ እጇን ፈርታ መሰለኝ። ልጅቷ መሬት ወረደችና ድክ ድክ ብላ ሄዳ ጉልበቷን አቀፈች። እናትየዋ ግራ ገብቷት «ምን እያለች ነው?» አለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ጓደኛዬ ባይኗ አስቆመችኝ። «ስሜን ነው» አለቻት። «እዚህ ቤት ስሜ እሱ ነው።»

እናትየዋ ልጇን አየቻት፤ ጓደኛዬን አየቻት፤ በመጨረሻም ቀስ ብላ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ይቅርታም አላለች። ግን ጓደኛዬ እጇ ባዶ ሲሆን ልጅቷን ብድግ አደረገቻት፣ ያቺም አንገቷ ስር ገብታ ዝም አለች።

አሁን መቼም አበቃ፣ እሰይ ብለሻል። የለም! ኃላፊዋ ይህን ሰምታ ጓደኛዬን ወደ ክፍሏ መለሰቻት፤ እዚያ ድረስ እግዜር ይስጣት። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ በግቢው ውስጥ ክፉ የሚለውን ቃል መጠቀም ክልክል ነው። ዘበኛው አንብበው «እንግዲያው የበሩም ይነሣ?» ቢሏት «እሱ ለውሻ ነው» አለቻቸው። ያቺን ቃል የከለከለቻት እንደ ክብሪት ከልጆች ለማራቅ ነው፤ ልጆቹ ግን «ፉዬ፣ ፉዬ» ሲሉ ይውላሉ፣ እነሱን ማን ስብሰባ ይጠራቸዋል? ንዴቴ ግን ማስታወቂያው አይደለም። ንዴቴ ጓደኛዬ ሥራዋም ክፍሏም ተመልሶላት እኔን አሁንም እርስዎ ማለቷ ነው። ጠዋት «እንደምን አደሩ»፣ ማታ «ደህና ይደሩ»። እንደ ባዕድ!

ስለዚህ ዛሬ ምን አደረግሁ? በምሳ ሰዓት በሯ ላይ የተቀመጠውን የቀኝ እግር ጫማዋን አነሣሁ። ይህን ስጽፍልሽ ከወንበሬ ስር ነው። ልቤ እንደ ሌባ ይመታል። ወይ መጥታ «ጫማዬን አይተውልኝ ይሆን?» ትላለች፣ ያን ጊዜ ተስፋዬን እቆርጣለሁ። ወይ ደግሞ... እንጃ። እስከዚያ ሰላምታዬን ላድርስ።

ጋሼን እጅ ነሥቼላቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይዋጡ፣ ዜናውን እኔ አጣርቼ እጽፍላቸዋለሁ በያቸው። ትልቋ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አለቃዋ ቢቆጣት አትመልስለት፣ በእኔ ዓይነት አፍ ሥራ ቦታ አይገባም። ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ያቺን ክ

ይቅርታ እትዬ፣ እዚህ ላይ ያቋረጥኩት መጥታ ነው። አንድ እግሯን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ያ የዳኛ ፊቷ እንደተቋጠረ ነው። እኔ ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩ። አየችኝ፣ ወንበሩን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ዞር ብላ አየች። «እርስዎ» አለችኝ፤ እኔም በቃ፣ ሞትኩ አልኩ። ከዚያ «እርስዎ ክፉ! ጫማዬን ያምጡ!» አለችኝ።

እርስዎ ክፉ! ሰምተሽ ታውቂያለሽ እትዬ? እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ቋንቋ አለ? እየሳቅሁ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ ጫማዋን በሁለት እጄ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ሄደች፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ አንዲት ነገር ብልጭ ያለች መሰለኝ፣ አልምልም። «አንቺ»ዋ ገና አልተመለሰችም። እሷን ደግሞ አስመልሳታለሁ፤ ሌላ ጫማ አላት።

ከየት አቋረጥኩ? አዎ፣ ድመቷን፤ ያቺን ክፉ ድመታችሁን አንገቷን እከኪልኝ። ማድ ቤት የምትረዳሽን ልጅ፣ ማዶ ያሉትን አክስታችንን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። የጠየቅሁሽን የእማዬን ነገር እንዳትረሺ። እናንተንም ክፉ አይንካችሁ፤ ይኸው ጻፍኩት። ክፉሽን አያሰማኝ፣ የኔ ደግ።

ታናሽሽ፣
ክፉዬ

ከመተኮሻው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ የካቲት አጋማሽ